ጌቶች ያኮረፉ ሰሞን

ሰውዬውን ያኮረፍኩት ውሻዬ ባኮረፈኝ ሰሞን ነው። ማን ቀደመ ብትሉኝ ውሻው። እኔ እንኳ ሳኮርፍ ምክንያቴን ተናግሬ ነው፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን ማለዳ ከላሜራ ሣጥን ፊት ቁጭ አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ በቃ።

«እሳቸው» የምለው ውሻዬን ነው። ስማቸው ጌቶች ይባላል። አንድ ጆሯቸው ተቦጭቋል፣ ጠጉራቸው ተንዘርፍፎ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ከመንገድ ነው የመጡት፤ አረማመዳቸውን ያየ ግን ግቢው የሳቸው ሆኖ እኛ ተከራዮች የሆንን ይመስለዋል። መጀመሪያ ቀን በራችን ላይ ተጋድመው «ይነሡ እንጂ ጌቶች፣ መኪና ሊገባ ነው» ብዬ ቀለድኩባቸው፤ ስሙም አንቱታውም በዚያው ቀረላቸው። እናቴ በዚህ ትበግናለች። «እኔን እናትሽን አንቺ እያልሽ፣ ውሻ አንቱ ትያለሽ?» ትለኛለች። ምን ላድርግ? ለእሷ አንቱታ ብጀምርላት ደግሞ ምን ነካት ብላ ሙቀቴን ትለካለች። ሐኪም ናት።

እኔ የሕንፃ ፕላን እነድፋለሁ። በልጅነቴ የያዘኝ በሽታ እግሮቼን ስላደከማቸው የምሄደው በዊልቸር ነው። እጄ ግን፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ የሁለት ሰው ያህል ይሠራል። ችግሩ መሬቱ ሩቅ መሆኑ ነው። ከዊልቸር ላይ ጎንበስ ብሎ የውሻ ሳህን ማስቀመጥ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቀን ይሞክረው። ወይ ሳህኑ ይደፋል፣ ወይ አንተ ትደፋለህ። እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ።

ስለዚህ ቢሮ ተቀምጬ የሰው ሕንፃ መንደፉን ትቼ የራሴን ነገር ነደፍኩ። ሳህን ይዞ ቀስ ብሎ መሬት የሚደርስ፣ እጀታውን ስስበው ተመልሶ ወደ ጭኔ የሚመጣ የብረት ክንድ ነው። ወረቀቱን ይዤ ከቢሮአችን ጀርባ ወዳለው ብየዳ ቤት ሄድኩ።

በያጁ ጥቁር መነጽሩን ሳያነሣ ነው ያናገረኝ። ወረቀቱን አገላብጦ አየና ክንዱን የሚመልሰው ሞላ ያለበት ቦታ ልክ አይደለም አለኝ። ልክ ነው አልኩት። እሱ ብረት ስንት ዓመት እንደሠራ ይነግረኛል፣ እኔ ስንት ሕንፃ እንደቆመልኝ እነግረዋለሁ። ሁለት ጉረኛ ተገናኘ። በመጨረሻ ተሸነፈ እንዳልል ሳይሸነፍ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገው። ፊቱ በሙሉ ጥላሸት ሆኖ፣ ከመሃል ዓይኖቹ ብቻ ንጹሕ ሆነው አዩኝ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ወንበሬን ነው፣ ለምጄዋለሁ። እሱ ግን እኔን አየኝ። ልቤ ድንግጥ አለ፣ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ መነጽሬ ሆነ።

ሞላው እኔ ያልኩት ቦታ ላይ ዋለ። እጀታውን ግን እንዳያንሸራትተኝ በጎማ ጠቅልሎ አመጣው፤ ያን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ቀጥሎ ከዊልቸሬ ጎን የሚታሰር የገመድ መያዣ ሠራን። ጌቶች ከጎኔ ሲሄዱ ገመዱ ጎማ ውስጥ አይገባም፣ ሁለቱም እጄ ነጻ ነው። ከዚያ መወጣጫው መጣ። ምንጣፍ የለበሰ ተዳፋት ነው፤ ጌቶች ቀስ ብለው ይወጡና ጭኔ ድረስ ይደርሱልኛል፣ እኔ ማታ ማታ ጠጉራቸውን አበጥራለሁ። ሌላው ሰው በፍቅር ሰሞን አበባ ይሰጣጣል፣ እኛ ብሎንና ማጠፊያ ተሰጣጣን። እጃችን በመፍቻ ላይ ሲነካካ መፍቻውን ማን እንደሚለቅ ይጠፋናል።

ከጌቶች ጋር መጀመሪያ መንገድ የወጣን ቀን ዛሬም አይረሳኝም። ያን ሁሉ ዓመት የማውቀው ከንፈር የሚመጥ ሰው ነበር። ያን ቀን አንዲት ሴትዮ ቆም አለችና ውሻሽን ማን አሠለጠነልሽ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ቤት እስክገባ አንገቴ ቀጥ እንዳለ ነበር። መነጽሬ ብየዳውን ትቶ ከማዶ ሲያየን እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት።

*

አንድ ቀን መነጽሬን ላገባው እንደሆነ ለእናቴ ነገርኳት። በያጅ ነው ብላ አልናቀችውም፤ አፏ ለዚያ አይደፍርም። የት ድረስ እንደተማረ ጠየቀችኝ፣ ከብየዳ ቤቱ አጠገብ ያለችው ቤቱ ስንት ክፍል እንዳላት ጠየቀችኝ። ያው ነው። መልሴን በትዕግሥት ሰማችና፣ ውሻው ወደተኛበት መወጣጫ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ ለአንድ ውሻ ስንት ብረት እንዳስፈለገሽ ታያለሽ። ነገ ልጅ ይዘሽስ?» አለችኝ።

በክፋት አልነበረም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተሸክማኝ የኖረች ሴት ናት፤ ሌሊት ስገላበጥ እሷ ነበረች የምትነቃው። ግን ቅስሜ ተሰበረ። ለሁሉም ነገር መልስ የማላጣው ሴትዮ ለዚያ መልስ አጣሁ። ክፍሌ ገባሁና ጌቶች መወጣጫቸው ላይ ወጥተው አገጫቸውን ጭኔ ላይ እስኪጥሉ ድረስ እንባዬን ይዤ ቆየሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሥራ ውዬ ስመለስ፣ ግቢያችን ውስጥ ብርማ ቀለም የተቀባ ሣጥን ቆሞ አገኘሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ምግብ በራሱ ያወርዳል፣ ውሃ በራሱ ይሞላል። ከአጥር እስከ አጥር ሽቦ ተወጥሯል፤ የጌቶች ገመድ በቀለበት ሽቦው ላይ ይንሸራተታል፣ እሳቸውም ያለ እኔ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የሳህኑ ክንድ ተነቅሏል። መወጣጫው የለም። መነጽሬ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ከእጁ ላይ ቀለም ይጠርጋል፣ ዓይኑ ግን መሬት መሬት ነው የሚያየው። እናቴ ደስ ብሏት ሻይ ልታፈላ ገባች። እኔ አመሰግናለሁ አልኩ፣ ከአንገት በላይ።

ጌቶች ምን ያድርጉ፣ ሆዳም ናቸው። ቀን በቀን ዓይናቸው ከእኔ ወደ ሣጥኑ ሄደ። ስጠራቸው ያቺን የተቦጨቀች ጆሯቸውን ዞር አድርገው ይመልሷታል። የማበጥርበት ሰዓት ሲደርስ ብሩሼን ይዤ በረንዳ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እሳቸው ሣጥኑ ሥር ተኝተው ያንጎላጃሉ። መሬት ላይ ስለተኙ ደግሞ እጄ አይደርስባቸውም። በገዛ ግቢዬ እንግዳ ሆንኩ።

ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«ደክሟታል ብሎ ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም» አለ። «እንዳትጎነበሺ ብዬ ነው።»

«መጎንበሱ እኮ የኔ ነው። ረጅም እጅ ሥራልኝ አልኩህ። እጅሽ ይቅር ካልከኝ ከሌሎቹ በምን ተለየህ?»

አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ሊናገር እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያየሁት ግን አፉን መልሶ ሲዘጋና መነጽሩን ወደ ዓይኑ ሲያወርድ ነው። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ወንበሬ ብቻ ታየኝ። ጎማዬን አዙሬ ወጣሁ፣ አልተከተለኝም። ከዚያ ወዲያ በስልክ «ሣጥኑን መጥቼ ልንቀለው?» ብሎ ቢልክልኝም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ናፍቆቱ ግን ምግብ ከለከለኝ።

*

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጌቶች ራሳቸው መጡ። ገመዳቸው እስከፈቀደላቸው ድረስ ወደ በረንዳው ተጠግተው፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ቆሙ። ቀረብኩና ገመዱን ፈታሁላቸው። አገጫቸውን የእግሬ ማሳረፊያ ላይ ጣሉ። እንደምንም ጎንበስ ብዬ ከአንገታቸው ማሰሪያ ሥር ጠጉሩን ስገልጥ ጮኹ። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት ጠጉራቸው ውስጥ ገብቶ፣ ሽቦው በጎተታቸው ቁጥር ማሰሪያው እያሸው ቆዳውን ልጦታል። ቁስሉ መግል ይዟል። ክው አልኩ። ማታ ማታ የማበጥራቸው ቢሆን ኖሮ በገባበት ቀን ጣቴ ያገኘው ነበር። ሣጥኑ አብልቷቸዋል፣ አጠጥቷቸዋል፤ የነካቸው ሰው ግን አልነበረም።

የእንስሳት ሐኪም ጠርተን ጭጎጎቱን አወጣላቸው። ማሰሪያውን አስቀርቶ፣ ቁስሉ ጠዋት ማታ ታጥቦ ይታሰር ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ እናቴ ጓንቷን አጥልቃ ቀረበች፣ እንደ ወትሮዋ ሳትጠይቀኝ። ጌቶች ጥርሳቸውን አሳዩአት። ደግማ ስትሞክር የጋዎኗን እጅጌ ያዙባት። ተነሥታ ጓንቷን አወለቀችና ረጋ ብላ ነገረችኝ። ሰፊ ግቢ ያላት ወዳጅ አለቻት፣ ውሻው ወደዚያ ይሂድ። ይህ ሁሉ ተደርጎለት እንዲህ ከሆነ እኔ ልይዘው አልችልም፤ የሌላውንም ነገር ደግሜ ባስብበት ይሻላል። ሌላው ነገር ማን እንደሆነ ስሙን አልጠራችም።

«ያቆሰላቸው ያ ሣጥን ነው» አልኳት። «ያ ሞኝ ያመጣው።»

እናቴ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ አነሣችና መልሳ አስቀመጠች።

«ሞኝ አትበይው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። ብየዳ ቤቱ ድረስ በእግሯ ሄዳለች። ልጄን ከወደድካት ዳግመኛ የማትጎነበስበትን ነገር ሥራላት፣ ያን ካደረግህ በመንገድህ አልቆምም ብላዋለች። ወገቧን ያሳምማታልና ያንን ተዳፋትም ውሰድልኝ ብላዋለች። እኔ እንዳዘዝኩህ አትንገራት ብላ ቃል አስገብታዋለች። እሱም ቃሉን ጠብቆ ስድቤን ጠጥቷል።

ደሜ ፈላ። እዚያው ላይ ደግሞ አንጀቴን በላው። እናቴን ልቆጣት ቀና ስል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ «ስትወድቂ ያየሁሽ እኔ ነኝ» አለች ብቻ። ያን ያህል ስትወደኝ መቆጣቱ ራሱ አቃተኝ። ስልኬን አነሣሁ።

«መወጣጫዬን አምጣልኝ» አልኩት።

«መጣሁ» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀም።

*

በእጅ ጋሪ እየገፋ ነው የመጣው፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ። መወጣጫውን ሲያወርደው ቀረብ ብዬ አየሁት። ምንጣፉን አንሥቶ በቀዳዳ ጎማ ለውጦታል፣ በግራና በቀኝ ጠርዝ አበጅቶለታል፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃውን ወስዶ ባልዲ ውስጥ የሚጥል አሸንዳ ዞሮበታል። ጌቶችን እላዩ ላይ እንዳጥባቸው ብዬ ድሮ ነድፌለት የማይሆን ነገር ነው ብሎ ሲከራከረኝ የከረመው አሸንዳ ነው።

«ይሆናል አላልኩህም?» አልኩት።

«ሲናፍቀኝ እሱን ነበር የምሠራው» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

ጎማዬን ቆለፍኩ፣ ጎዙንና መቀሱን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ የውሃውን ጆግ ከጎኔ አስቀመጥኩ። እናቴና እሱ ግራና ቀኝ ቆሙ። ማናችሁም እንዳትነኩ አልኳቸው። ይህን ካልቻልኩ ጌቶች እንደሚሄዱ አውቀዋለሁ፤ እሳቸው ከሄዱ ደግሞ እናቴ ለጠየቀችኝ ለዚያ ለልጁ ጥያቄ ዕድሜ ልኬን መልስ አይኖረኝም።

«ይምጡ ጌቶች» አልኩ።

አልመጡም። ሣጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ሰዓቱ ደርሶ ነው መሰለኝ፣ በዚያው ቅጽበት ሣጥኑ ኳ ብሎ ምግቡን አወረደ። እናቴ ልትይዛቸው አንድ እርምጃ ስትራመድ፣ መነጽሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይተዉአት ዶክተር፣ እሷ ትጠራቸዋለች» አለ። የሱም እጅ ተዘርግቶ ነበር። ራሱ አየውና ወደ ኋላው ወሰደው፣ በሌላኛው እጁ ጨምድዶ ያዘው። ሁለት ሰው የሚያነሣውን ብረት ብቻውን የሚያነሣ ሰው፣ አንድ እጁን ለመያዝ ሲታገል አየሁት። ስንት ሰው ለእኔ እጁን ዘርግቷል። ለእኔ ብሎ እጁን የሰበሰበ ሰው ግን ከዚያ በፊት አላየሁም።

«ይምጡ እንጂ» አልኩ ድጋሚ፣ ያንን መኪና ሊገባ ነው ያልኩበትን ድምፅ አውጥቼ። «ስንት ጊዜ ይለመናል?»

ጌቶች ተነሡ። ምግቡን አልፈው መጡ። መወጣጫውን አሸተቱ፣ በአዲሱ ጎማ ላይ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ሞከሩት፣ ከዚያ በዚያ በባለግቢ አረማመዳቸው ሽቅብ ወጡና ጭኔ ላይ ደረሱ።

ቁስሉን አጠብኩት። ሲያቃጥላቸው እያወራሁላቸው፣ ሲጎትቱ እየጠበቅሁ፣ ውሃው በአሸንዳው እየወረደ። ጎዙን አድርጌ ፋሻውን ስጠመጥም መቀሱ ከጭኔ ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለቱም አዩት። ሁለቱም አልተነቃነቁም። ከወንበሬ ጎን ያለውን ረጅም መቆንጠጫ መዝዤ አነሣሁት፤ እሱም የመነጽሬ ሥራ ነው።

«መሬት ነክቷል» አለች እናቴ። ሐኪምነቷ አላስቻላትም። ከቦርሳዋ ሌላ መቀስ አወጣችና ይዛው ቆመች። «ንጹሕ መቀስ አለኝ። ላቀብልሽ?»

በሕይወቴ ስንት ነገር አድርጋልኛለች፤ ላድርግልሽ ወይ ብላ የጠየቀችኝ ግን ያን ቀን ነው። አቀብዪኝ አልኳት። ፋሻውን ቆርጬ አሰርኩት። ጠጋ አለች፤ ጌቶች አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩአትና ተዉአት። ጣቷን ከፋሻው ሥር አስገብታ አለመጥበቁን አየች፣ ቋጠሮውን አየች።

«ማን አስተማረሽ?»

«አንቺ። ልጅ ሆኜ ስታስሪልኝ እያየሁ።»

ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፣ የተመረቅሁ ቀን። አንጀቴ ራሰ። መነጽሬ ሣጥኑን ልንቀለው ወይ ሲል፣ ከቢሮ የማመሽበት ቀን አለ፣ ሣጥኑ ይቆይ፣ ሽቦው ግን ይነቀል አልኩት። እሺ አለ። እናቴ መቀሱን እየጠረገች ቆየችና ወደ እሱ ዞረች።

«ያ የቤትህ በር ስፋቱ ምን ያህል ነው?»

ጉረኛው ሰውዬ ወደ እኔ አየ።

«በሩን እኔ ነኝ የነደፍኩት» አልኳት። «እኔ ስገባ ጌቶች ከጎኔ ያልፋሉ።»

«መጥቼ እለካዋለሁ» አለች እናቴ። ጌቶችን አንዴ አየቻቸው፤ «እሳቸውንም እንዳይጠባቸው» ብላ ወደ ቤት ገባች።

መነጽሬ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ጎተተው። የሚበየድ ነገር አልነበረም።

«አንሣው» አልኩት።

አነሣው። ዓይኖቹ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ብለው እኔን አዩኝ፣ እርጥብ ሆነው። ጌቶች ጭኔ ላይ እንቅልፋቸውን ለጥጠዋል፣ እጄ ውሃና መድኃኒት ይሸታል፣ ወገቤ አሞኛል። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።